ፈረሱ ጥቁር ነው፦ መንፈሳዊ ሥዕል መሳል፣ ወርክሾፕ ማስተማርና በሱ መኖር ለምትፈልጉ

የዛሬ ስምንት ዓመት አካባቢ አንድ ቤተሰብ የቅዱስ መርቆሬዎስን ሥዕል አዘዘኝ፣ ለቤት የሚሆን፣ 80 በ60 ሳንቲ ሜትር። በዛ ሰሞን ሁለት ቅዱስ ጊዮርጊስ አከታትዬ ጨርሼ ስለነበር እጄ ነጭ ፈረስ ለምዷል፣ ሳላስበው መርቆሬዎስንም ነጭ ፈረስ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። ላስረክብ ስሄድ የቤቱ እናት መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉና ከላይ እስከ ታች አይተው "ልጄ፣ ፈረሱስ?" አሉኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ቅዱስ መርቆሬዎስ የሚሳለው ጥቁር ፈረስ ላይ ሆኖ ከሃዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን በጦር ሲወጋ ነው፣ ይሄን እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያዩት ነው ያደጉት፣ እኔ ነኝ የዘነጋሁት። ይዤው ተመልሼ ፈረሱን እንደገና ሠራሁት።

ከዛ ቀን ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረውም እሱን ነው፦ ታሪኩን ሳታውቁ እርሳስ አታንሱ። የኛ ሥዕል ይነበባል እኮ፣ እያንዳንዱ ነገር ቃል ነው። ስለዚ ከመሳላችሁ በፊት ገድሉን ወይ ስንክሳሩን አንብቡ፣ ግዕዙ ከከበዳችሁ አማርኛው አለ፣ ካልሆነም የሚያውቅ ሰው ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ። ከዛ አንድ ገጽ ላይ ጻፉ፦ ማን ነው፣ ምን ይዟል፣ ምን ላይ ነው፣ አብሮት ማን አለ። ለምሳሌ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከሆኑ ሰውነታቸውን የሸፈነው ፀጉር፣ ግራና ቀኝ አንበሶቹና ነብሮቹ፣ ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣው ወፍ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሆኑ ክንፎቹና የተቆረጠው እግር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሆነ ነጭ ፈረስ፣ ዘንዶ፣ ዛፍ ላይ ያለችው ቢሩታዊት፣ ከዘንዶው ያዳናት ልጅ። ይቺን ገጽ ሳልጽፍ የጀመርኩት ሥዕል ከዛ ወዲህ የለኝም።

ሁለተኛው ሄዶ ማየት ነው። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም፣ ቀለሙን ይዋሻል፣ መጠኑን ይደብቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግቡ፣ የድሮ የእንጨት ላይ ሥዕሎቹን ከቅርብ ታያላችሁ፣ እኔ እዛ አንድ ቀን ሙሉ እጅ ብቻ ስስል ውያለሁ፣ የጣት አያያዝ፣ መስቀል አያያዝ፣ መጽሐፍ አያያዝ። ፒያሳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደሞ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ አለ፣ በዘመናዊ ትምህርት ያለፈ እጅ መንፈሳዊ ታሪክ እንዴት እንደያዘ ለማየት ጥሩ ነው። ጎንደር የሄደ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳያይ እንዳይመለስ፣ ጣራው ላይ ከ100 በላይ የመላእክት ፊት ተደርድሯል፣ አንገታችሁ እስኪደክም ቀና ብላችሁ እዩና አንዱ ፊት ከሌላው በምን እንደሚለይ ፈልጉ። ጣና ገዳማት ላይ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት አሉ። እዛው ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የፍሬ ጽዮን ሥራ አለ፣ ግን ዳጋ ለሴቶች ስለማይፈቀድ እህቶቼ ከመጽሐፍና ከፎቶ ነው የምታገኙት።

ሸራውና ዓይኑ

ዝግጁ ሸራ ውድ ነው፣ ለጀማሪ ደሞ ውድ ሸራ ያስፈራል፣ እጅ ያስራል። እኔ የምጠቀመው አቡጀዲ ነው፣ ወፈር ያለውን። አጥቤ አደርቀውና (ካልታጠበ በኋላ ይሸበሸባል) የእንጨት ፍሬም ላይ እወጥረዋለሁ፣ ሁሌም ከመሃል ጀምሬ ወደ ጥግ፣ አንዱን ጎን ሳስር ትይዩውን እስባለሁ፣ ጣታችሁን ስታንኳኩበት እንደ ከበሮ ድም ካላለ ፍቱትና እንደገና። ከዛ ነጭ መደብ፣ ከቀለሙ በፊት ሸራው ላይ የሚቀባው፦ ነጭ የእንጨት ኮላ አንድ እጅ፣ ውሃ አንድ እጅ፣ በደንብ የተነፋ የጠመኔ ዱቄት ሁለት እጅ ያህል፣ ትንሽ ነጭ አክሬሊክ ቀለም ጣል ይደረግበታል። ዱቄቱ ሲበዛ ሸራው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ኮላው ሲበዛ ቀለም አልይዝ ይላል፣ ስለዚ መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክራችሁ ሲደርቅ አጥፋችሁ እዩት። ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ቀቡ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም፣ በየመሃሉ በደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያላችሁ ጥረጉ። እንጨት ላይ ለምትሠሩ ዋንዛ ጥሩ ነው፣ ግን በደንብ የደረቀ ይሁን።

አሁን ዓይን። በኛ ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ክፉዎቹ ደሞ በጎን ይሳላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ሲስል ግን ይረሳዋል። ዓይኑን እኔ እንደዚ ነው የምሠራው፦ መጀመሪያ የላይኛውን ቅንድብ መስመር ከአፍንጫው ጋር አንድ ላይ እስባለሁ፣ ቅንድብና አፍንጫ አንድ የማይቋረጥ መስመር ነው፣ ብሩሹ ሳይነሳ ይወርዳል። ቀጥሎ የላይኛው ሽፋሽፍት፣ ወፍራም። ቀጥሎ የታችኛው፣ ቀጭን። ብሌኑ ከላይኛው ሽፋሽፍት ጋር ይነካካል፣ ከታችኛው ጋር ግን ትንሽ ነጭ ይቀራል፣ መሃል ላይ ብቻውን ከተንሳፈፈ የደነገጠ ሰው ይመስላል። ሁለቱን ዓይኖች አንድ ላይ ነው የምጨርሰው፣ አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው አልሄድም፣ ምክንያቱም ያኔ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ለማመሳሰል ስታገል ፊቱ ይደርቅብኛል። ለዚ የሚሆን ብሩሽ ቀጭን ብቻ ሳይሆን ፀጉሩ ረዘም ያለ ነው፣ ቀለም ስለሚይዝ መስመሩ መሃል ላይ አይቋረጥም።

ቀለሙ ላይ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ጎንደር ስልት የሚባለው ሜዳማ ነው፣ ጥላ የሌለው፣ ደማቅ ቀለም፣ የልብሱ እጥፋት በመስመር ይነገራል። ሁለተኛው ጎንደር፣ እቴጌ ምንትዋብ ዘመን የደመቀው፣ ፊትና ልብስ ላይ ጥላና ብርሃን ያስገባል፣ ጀርባው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይ ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይለወጣል። ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ፣ መስመራችሁ ደካማ ከሆነ ወዲያው ያጋልጣችኋል፣ ጥላ ግን ስህተት ይሸፍናል። ጥቁር ፈረስ ስትሠሩ ከትዩቡ የወጣ ጥቁር እንዳለ አትቀቡ፣ ሰማያዊና ጥቁር ቡናማ ደባልቁ፣ ያኔ ጡንቻው ላይ ትንሽ ነጣ ስታደርጉ ፈረሱ ነፍስ ይዘራል።

አንድ ነገር ከልቤ ልበል። ምስለ ፍቁር ወልዳን (እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበትን ሥዕል) ስትስሉ የእመቤታችንን እጅ አትቸኩሉበት። እጆቿ ፊት ለፊት ተደራርበው በአንዱ መሃረብ ይዛለች፣ ጌታ በግራው መጽሐፍ ይዞ በቀኙ ይባርካል። ይሄ አሳሳል 1600 ዓመተ ምህረት አካባቢ ከሮም በመጣ ሥዕል መነሻነት የተስፋፋ ነው፣ ግን የኛ ሠዓሊዎች የራሳቸው አድርገውታል፣ ዓይኑን ሰጥተውታል። እኔ የሷን ሥዕል የምጀምረው ጠዋት ጸሎት አድርሼ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ነው። እንደዛ ስሠራ ረጋ እላለሁ፣ እጄም ይታዘዘኛል።

ወርክሾፕ

የማስተምረው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው፣ ከ10 ሰው በላይ አልቀበልም፣ ከዛ ካለፈ የሁሉንም እጅ ማየት አይቻልም። የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት ወረቀት አላድልም፣ ታሪክ ነው የምናወራው። ብዙ ጊዜ በቅዱስ ያሬድ እጀምራለሁ፣ ትምህርት አልገባ ብሎት ሸሽቶ ዛፍ ሥር ሲያርፍ ዛፉ ላይ ለመውጣት እየወደቀች እየተነሳች በሰባተኛው የተሳካላትን ትል ያየበት። ይሄን ከተማሪዎቹ አንዱ ነው እንዲተርክ የማደርገው። ሲጨርስ ሁሉም ያቺን ትልና ዛፉን ይስላል፣ ቅዱሱን አይደለም። ትል መሳል ማንም አይፈራም፣ የቅዱስ ፊት ሳሉ ስትሉት ግን ሰው እጁ ይተሳሰራል። በሦስተኛው ሳምንት ነው ወደ ያሬድ ራሱ የምንደርሰው፣ የአፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳይታወቃቸው የቀረበትን።

አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ መጣች፣ ከአዳር ሥራ በቀጥታ፣ እጄ አይስልም እያለች። አንዷን የዛፍ ቅርንጫፍ እየሳለች እያጠፋች እየሳለች እያጠፋች ወረቀቱ ተቀደደባት፣ እንባዋ መጣ። ላጲሱን ተቀበልኳትና አዲስ ወረቀት ሰጠኋት፣ የተሳሳተውን መስመር ተይው፣ ትክክለኛውን ጎኑ ስቢ አልኳት። ከዛ ቀን ጀምሮ በመጀመሪያው ሰዓት ለማንም ላጲስ አልሰጥም። እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ ለውጡን በአንድ ቀን ታዩታላችሁ። ሌላው፣ የተማሪ ወረቀት ላይ በራሳችሁ እጅ አታስተካክሉ፣ ጎን ላይ በቁራጭ ወረቀት አሳዩት፣ ካልሆነ ሥዕሉ የናንተ ሆኖ ቤቱ ይሄዳል።

ፕሮቴስታንትም ሙስሊምም ተማሪ ይመጣል፣ በደስታ። ቅዱሳንን መሳል ለማይፈልግ ሐረግ እሰጠዋለሁ፣ የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ያለውን የተጠላለፈ ጌጥ። ባለ ካሬ ደብተር ውሰዱ፣ ሁለት ገመድ በእርሳስ ሳሉ፣ ሲገናኙ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ቀጥሎ ባለው መገናኛ ይገለበጣል፣ እስከ መጨረሻ ድረስ ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ፣ ከታች። ቀላል ይመስላል፣ አንዷን ከሳታችሁ ግን ሁሉም ይፈርሳል። ትዕግሥት ለማስተማር ከዚ የተሻለ አላገኘሁም።

ክፍያ ላይ አትፈሩ። ጨርቁን፣ ቀለሙን፣ የሚያልቀውን ብሩሽ፣ የቦታ ኪራይ፣ ሻይ ቡናውን ደምሩ፣ የምትዘጋጁበትን ቀን ደሞ እንደ ሥራ ቀን ቁጠሩት፣ ከዛ በ10 ሳይሆን በ7 አካፍሉት ምክንያቱም ሁሌም የሚቀር አለ። ግማሹን ቀድማችሁ በቴሌብር ተቀበሉ። አሜሪካ ያሉ ልጆችን በዙም ስታስተምሩ የኛ 11 ሰዓት ማታ በበጋቸው ዋሽንግተን ላይ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ቁርስ በልተው ይቀመጣሉ፣ እናት ወይ አያት አጠገባቸው ሆና ታሪኩን እንድትነግራቸው ጠይቁ፣ እኔ ከምተርክላቸው ይልቅ ያኔ ነው ሥዕሉ የሚያምረው።

የሳምንቴ አከፋፈል፦ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ትእዛዝ፣ ሐሙስ የራሴ ሥዕል ብቻ፣ አርብ ዝግጅት፣ ቅዳሜ ወርክሾፕ። ሐሙስን ለማንም አልሸጥም። ሁለት ዓመት ሐሙስን ለትእዛዝ ሰጥቼ ነበር፣ ገንዘቡ ጨመረ፣ ግን ተማሪዎቼን የማሳያቸው አዲስ ነገር አልነበረኝም፣ ያው ያለፈው ዓመት ላይ ነበርኩ።

ለልጆች መጽሐፍ፣ ለገና ካርድና ለካላንደር የምትስሉት አንድ ነገር ነው፣ ሰው ቆሞ የሚጸልይበት ሥዕል ደሞ ሌላ። በመጀመሪያው ውስጥ ነፃነት አለ፣ የያሬድን ትል ፈገግ ማስባል ትችላላችሁ። ለቤተክርስቲያን ሲሆን ግን ንድፉን በእርሳስ እያለ ለአስተዳዳሪው አሳዩ፣ አስተያየት ተቀበሉ፣ ሥዕሉም በሜሮን እስኪከብር ድረስ ሥራው አላለቀም። የቅዱሳንን ሥዕል ቲሸርት፣ ኬክና ሶፍት ላይ አትሙልኝ የሚል ሲመጣ እምቢ እላለሁ፣ መሬት ይወድቃል፣ ይረገጣል። ሐረግ ወይ ሌላ ጌጥ ልሥራላችሁ እላቸዋለሁ፣ ብዙዎቹ ይስማማሉ።

ውጭ አገር ላለ ቤተክርስቲያን የምትልኩ ከሆነ በአክሬሊክ ሸራ ላይ ሠርታችሁ ጠቅልላችሁ ነው የሚላከው፣ እዛ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስትጠቀልሉ የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ይሁን፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨመደዳል። ቱቦው ሰፊ ይሁን፣ መሃሉ ላይ ንጹሕ ወረቀት ይደረግ። ከላይ የሚጻፈውን የግዕዝ ጽሑፍ ለመሪጌታ አስነብቡ፣ አንድ ፊደል ቢሳሳት ዓመት ሙሉ ሰው እያነበበው ነው። ከጀርባው ደሞ ስማችሁን፣ ዓመቱን፣ የተጠቀማችሁትን የመደብና የቀለም ዓይነት በእርሳስ ጻፉ፣ አንድ ቀን የሚያድሰው ሰው ያስፈልገዋል።