ፉርሽካው ለላም፣ ፉርኖው ለኛ፦ ስለ ሙሉ እህልና ካንሰር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፉርኖ ዱቄት ሲመረት የስንዴው ልጣጭ ተለይቶ ይወጣና ፉርሽካ ተብሎ ለከብት ይሸጣል። ተመራማሪዎች «ካንሰርን ይከላከሉ ይሆናል» ብለው የሚያጠኗቸው ንጥረ ነገሮች ግን በብዛት ያሉት እዚያው ልጣጩና የፍሬው ጽንስ ላይ ነው፤ ፌሩሊክ አሲድና ሊግናን የሚባሉ የእጽዋት ውህዶች፣ እንዲሁም ፋይበር (አሰር)። ላሚቱ ከኛ በላይ ታውቃለች መሰለኝ።

ዳቦን በመልኩ መምረጥ። ቡናማ ሁሉ ሙሉ እህል፣ ማለትም ከነልጣጩና ከነጽንሱ የተፈጨ፣ አይደለም። የተቃጠለ ስኳር ጠብ ከተደረገበት ፉርኖም ይጠቁራል። የታሸገ ከሆነ ጀርባውን አዙሩና መጀመሪያ የተጻፈውን ዱቄት እዩ። የሰፈር ዳቦ ቤት ከሆነ ደግሞ ምን ዱቄት እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

ነጭ ጤፍን እንደ ፉርኖ መቁጠር። ጤፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ልጣጩን ለይቶ ማንሳት አይመችም። ነጩም፣ ቀዩም፣ ሰርገኛውም ከነልጣጩ ነው የሚፈጨው። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ነገር ሲቀላቀልበት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ «የጤፍ» ተብሎ የተገዛው እንጀራ ውስጥ ነጭ የስንዴ ዱቄት አይጠፋም።

ንጥረ ነገሩን በእንክብል መፈለግ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ፌሩሊክ አሲድ በአብዛኛው ከፋይበሩ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው፤ ጨጓራና ቀጭን አንጀት ብዙውን ሳይነኩት ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያላቅቁታል። ፋይበሩንም አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። የአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ቀለብ ይሄ ነው። በቤተ ሙከራ ደግሞ ቡቲሬት የካንሰር ሕዋሳት ራሳቸውን እንዲያጠፉ ሲገፋ ታይቷል። ጠንካራው ማስረጃ የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ መሆኑም ለዚህ ይመስላል፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ግምገማ በቀን 90 ግራም ሙሉ እህልን ከ17 በመቶ ዝቅ ያለ ስጋት ጋር አያይዞታል።

ታዲያ ፉርሽካውን ብቻ ለይተን ብንወስድስ? አሪዞና ውስጥ ተሞክሯል። ከአንጀታቸው ፖሊፕ (ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ትንሽ እብጠት) የተነሳላቸው ሰዎች፣ ገሚሱ ብዙ ፉርሽካ፣ ገሚሱ ጥቂት በየቀኑ በሉ። ውጤቱ በ2000 ሲወጣ ፖሊፑ ተመልሶ በመምጣቱ ረገድ ልዩነት አልተገኘም። በፊንላንድ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ቤታ ካሮቲን (ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) በእንክብል የተሰጣቸው አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ጭራሽ ጨመረ፤ በ1994 የወጣ ውጤት ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለቂንጬ አውሉት።

በአንድ ጊዜ መዝለቅ። ፉርኖ የለመደ ሆድ ድንገት ፋይበር ሲበዛበት ይነፋል። ቀስ በቀስ፣ ከውሃ ጋር።

እንደ መድኃኒት መቁጠር። ስጋትን መቀነስ ሌላ፣ የያዘን ካንሰር ማከም ሌላ። እንዲያውም አንጀቱ ለጠበበ ወይም ገና ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ታማሚ ሐኪሙ «ለጊዜው ነጭ ዳቦ ይሻልሃል» ሊለው ይችላል። ጠያቂ ዘመድ የአጃ አጥሚቱን በፔርሙዝ ሞልቶ ከመምጣቱ በፊት መደወል አይከፋም።