የሚዲያ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) እንዴት ይሠራል? ከርዕስ መረጣ እስከ ሥራ ፍለጋ ለጆርናሊዝም ተማሪዎች

ልጆች፣ በየዓመቱ የፕሮፖዛል ሰሞን ሲደርስ ቢሮ የሚመጡት ርዕሶች ይመሳሰላሉ። "የሚዲያ ሚና ለሰላም ግንባታ"፣ "የማኅበራዊ ሚዲያ ተፅዕኖ በወጣቶች ላይ"፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በእነዚህ ርዕሶች ስድስት ወር መልፋት ይቻላል፣ ግን መጨረሻ ላይ የምትይዙት ነገር አይኖርም። ለምን መሰላችሁ፣ ተፅዕኖ የሚባለው ነገር ሰው ላይ የሚታይ ለውጥ ስለሆነ አንባቢውን ወይ ተመልካቹን ሄዳችሁ ካላገኛችሁት ጋዜጣ ብቻ አገላብጣችሁ "ተፅዕኖ አሳድሯል" ማለት አትችሉም። ማክኮምብስና ሾው የሚባሉ ተመራማሪዎች እኤአ በ1968 አሜሪካ ቻፕል ሂል ላይ አጀንዳ ሴቲንግን፣ ማለትም ሚዲያ ደጋግሞ ያነሳውን ጉዳይ ሰው ዋና ጉዳይ አድርጎ ያየዋል የሚለውን ሐሳብ፣ ሲያጠኑ ሁለቱንም ነው ያደረጉት፣ የሚዲያውን ይዘት ቆጠሩ፣ ደግሞ ለማን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን ጠየቁ፣ ከዛ ሁለቱን አስተያዩ። አጀንዳ ሴቲንግን ቴዎሪዬ ነው ብሎ አንድም ሰው ሳይጠይቅ የጨረሰ ተማሪ ዲፌንስ ላይ የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው፣ እኔም ኤግዛሚነር ሆኜ ስቀመጥ የምጠይቀው እሱን ነው።

ስለዚህ ሰው መጠየቅ ካልቻላችሁ ጋዜጣው ራሱ የሚመልሰውን ጥያቄ ጠይቁት። ምን ጻፈ፣ ማንን አናገረ፣ ማንን ዘለለ? ርዕሱን ለማጥበብ ሦስት ነገር ቁረጡ፣ የትኛው ሚዲያ፣ መቼ፣ ስለ ምን። ለምሳሌ "አዲስ ዘመንና ሪፖርተር በ2016 ዓ.ም ስለ አዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ሲዘግቡ እነማንን ምንጭ አደረጉ?" ብትሉ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የግል፣ ጊዜው የታወቀ፣ ጉዳዩም ሰው ቤት ድረስ የገባ ስለሆነ የሚሠራ ጥያቄ ነው።

ናሙና ላይ ብዙ ሰው "ኮንስትራክትድ ዊክ" የሚባለውን ይወስዳል፣ ማለትም ከዓመቱ ሰኞዎች አንድ ሰኞ በዕጣ፣ ከማክሰኞዎች አንድ ማክሰኞ እያሉ ሰው ሠራሽ ሳምንት መሥራት። ሪፍ፣ ኦስትና ሌሲ እኤአ በ1993 ባሳተሙት ጥናት በየቀኑ ለሚወጣ ጋዜጣ የአንድ ዓመት ይዘት ሁለት እንዲህ ያለ ሳምንት፣ ማለትም 14 ዕትም እንደሚበቃ አሳይተዋል። ግን ይሄ ለጠቅላላ ይዘት ነው። እናንተ አንድ ጉዳይ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት 14 ዕትም ውስጥ ስለሱ ሦስት ዜና ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ የዓመቱን ዕትም በሙሉ አገላብጣችሁ በጉዳዩ ላይ የወጣውን ሁሉ መሰብሰብ ይሻላል። አድካሚ ነው አውቃለሁ፣ ግን እዚህ ያለፋችሁት ልፋት ሌላ ቦታ ሁሉ ይመልስላችኋል።

የድሮ ጋዜጣ ከሆነ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሂዱ፣ ወይ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ጋዜጣ ነው፣ የሚያጠናው ሰው ነው የጠፋው። ከዲፓርትመንታችሁ የትብብር ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት ሳትይዙ አትሂዱ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያነሳችሁትን ፎቶ እዛው እያላችሁ በቀን፣ በዕትም ቁጥርና በገጽ ስም ስጡት፣ ቤት ገብቼ አስተካክለዋለሁ ብሎ ነገር የለም። የዘመን አቆጣጠር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ 1966 ዓ.ም ማለት ከመስከረም 1973 እስከ መስከረም 1974 እኤአ ስለሆነ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ካልጻፋችሁ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ ሁሉም ነገር አንድ ዓመት ይንሸራተታል።

ኦንላይን ከሆነ የምትሠሩት ሌላ ጣጣ አለ፣ የአማርኛ ፍለጋ። አንዱ "ዓመት" ይጽፋል አንዱ "አመት"፣ አንዱ "መንግሥት" አንዱ "መንግስት"፣ አንዱ "ጸሐፊ" አንዱ "ፀሀፊ"፣ ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁሉ የተለያየ ቃል አድርጎ ነው የሚያያቸው። በዛ ላይ "መንግሥት" ብላችሁ ብትፈልጉ "መንግሥቱ" አይመጣላችሁም፣ ምክንያቱም መጨረሻው ፊደል ተቀይሯል፣ ስለዚህ እስከማይቀየረው ፊደል ድረስ "መንግሥ" ብላችሁ፣ ቀጥሎ "መንግስ" ብላችሁ ፈልጉ፣ ያላስፈለጋችሁን በእጅ አውጡ። የቴሌግራም ቻናል ከሆነ በኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም የቻናሉን ታሪክ ኤክስፖርት ማድረግ ይቻላል፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ አውርዱት፣ ፖስት ይጠፋል፣ ኤዲትም ይደረጋል። ለፌስቡክ ተመራማሪው ሁሉ ፖስት ለመሰብሰብ ይጠቀምበት የነበረው ክራውድታንግል የሚባል መሣሪያ እኤአ ነሐሴ 2024 ተዘግቷል፣ ስለዚህ ከዛ በፊት የተሠራ ቴሲስ አይታችሁ ሜቶዱን እንዳለ አትቅዱ።

አሁን ዋናው፣ ኮዲንግ፣ ማለትም እያንዳንዱን ዜና በምድብ ለይቶ ቁጥር መስጠት። ኤክሴል ላይ ለአንድ ዜና አንድ መስመር፣ ቀን፣ ገጽ፣ ርዕስ፣ ከዛ ምንጭ። ምንጩን በቁጥር ለዩት፣ 1 ባለሥልጣን፣ 2 ባለሙያ፣ 3 ነዋሪ፣ 4 ሰነድ፣ 5 ያልተጠቀሰ። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ይሄንን ኮድ አድርጉ፣ "ለልማት ተነሺዎች ምትክ ቦታ መሰጠቱ ተገለጸ"። ማነው የገለጸው? ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የወረዳው ሥራ አስፈጻሚ ስም ካለ 1 ነው፣ እስከ መጨረሻው ስም ከሌለ 5። "ነዋሪዎች ተናግረዋል" ብሎ አንድም ስም ካልጠራስ? 3 ነው ወይስ 5? ሁለቱም ያስኬዳል፣ ግን ከመጀመራችሁ በፊት አንዱን ወስናችሁ ኮድቡኩ (የኮድ አሰጣጥ ሕጎቻችሁ የሰፈሩበት ሰነድ) ላይ ከነምሳሌው ጻፉት፣ መሀል ላይ ሐሳብ ከቀየራችሁ ከመጀመሪያው ዜና ጀምራችሁ ደግማችሁ ኮድ ታደርጋላችሁ፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ከዛ ጓደኛችሁን ለምናችሁ የተወሰነውን ዜና እናንተን ሳይጠይቅ ኮድቡኩን ብቻ አይቶ ኮድ ያድርግላችሁ። እዚህ ጋ ብዙ ቴሲስ ላይ የማየው ነገር "80 ፐርሰንት ተስማምተናል" ብሎ ማለፍ ነው። አብረን እናስላው። 50 ዜና አላችሁ፣ ጥያቄው "ዋናው ምንጭ ባለሥልጣን ነው ወይስ አይደለም" ነው። ሁለታችሁም በየፊናችሁ 40ውን "ነው" አላችሁ፣ በ40 ዜና ላይ መልሳችሁ ገጠመ፣ በ10 ተለያያችሁ። 0.80 ያምራል። ግን ሁለታችሁም ዜናውን ሳታነቡ በግምት 80 ፐርሰንቱን "ነው" ብትሉ እንኳን 0.8 በ0.8 ሲባዛ 0.64፣ 0.2 በ0.2 ሲባዛ 0.04፣ ድምሩ 0.68 ያህል በአጋጣሚ ትገጥማላችሁ። የኮኸን ካፓ የሚባለው የስምምነት መለኪያ ይሄን አጋጣሚ ይቀንሳል፣ 0.80 ሲቀነስ 0.68፣ ለ0.32 (1 ሲቀነስ 0.68) ሲካፈል 0.375 ይመጣል። ይሄ ደካማ ነው። ክሪፐንዶርፍ የሚባለው ተመራማሪ አልፋ በሚባለው በራሱ ተመሳሳይ መለኪያ ላይ 0.80ና ከዛ በላይ ይመክራል፣ ከ0.667 በታች ከሆነ ድምዳሜ አትስጡ ይላል። ቁጥራችሁ ዝቅ ካለ አትደንግጡ፣ የተለያያችሁባቸውን 10 ዜናዎች አንድ ላይ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፣ ሕጉ የትኛው ጋ እንደላላ ታገኙታላችሁ፣ አጥብቁትና በአዲስ ዜና ድገሙት።

ኢንተርቪው የምትጨምሩ ከሆነ አዘጋጆችን ውጤታችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። "ሥራችሁ ምን ይመስላል" ከማለት "ከዜናዎቻችሁ ይሄን ያህሉ ላይ ነዋሪ አልተናገረም፣ ለምን ይመስልዎታል?" ሲባሉ የዴድላይኑን፣ የመኪና እጥረቱን፣ የስልክ አላነሳ ባዩን ጉዳይ ይዘረግፉላችኋል። ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፣ አልፈልግም ካሉ የሥራ መደባቸውንም አትጻፉ፣ ዴስኩ ላይ ያለው ሰው ሁለት ከሆነ መደቡ ራሱ ስም ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ለፈተናው ብላችሁ ቴሲሱን በሰው የምታሠሩ አላችሁ። እባካችሁ ተዉ። ቀጣሪ ፊት የምትቀርቡበት በእጃችሁ የሠራችሁት ሥራ እሱ ብቻ ነው። ከዲፌንስ በኋላ ቴሲሱን ሼልፍ ላይ አትተዉት፣ በአማርኛ ሁለት ገጽ አድርጋችሁ ጻፉት፣ አንድ ግራፍ ጨምሩበት፣ ያጠናችሁት ጋዜጣ አዘጋጅ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። ሲቪ ላይም "ሪሰርች መሥራት እችላለሁ" ከምትሉ ስንት ዜና፣ በምን ኮድቡክ፣ ምን ያህል ካፓ አግኝታችሁ እንደሠራችሁ ጻፉ። ዜና ክፍል ባይሳካ ይሄ ሙያ ለሚዲያ ሞኒተሪንግ፣ ለፋክት ቼክ፣ ለኤንጂኦ ኮሙኒኬሽን፣ ለመሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ሁሉ ይሆናል። ሕዝብ ግንኙነትን የምትንቁ ልጆች ግን አትናቁት፣ ጋዜጠኛ ሲደውል ስልክ የሚያነሳ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ለዚህ አገር ሚዲያ ትልቅ ውለታ ነው የሚውለው።

ውጭ መማር ለምትፈልጉ፣ ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ 2,800 ሰዓት ይጠይቃል፣ ስለዚህ የፍሪላንስና የበጎ ፈቃድ ሥራችሁን ሰዓት መዝግቡ። ኤራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ደግሞ ራሱን የቻለ የጆርናሊዝም ማስተርስ አለው፣ ዴንማርክ ኦርሁስ ላይ ነው የሚጀመረው። ለሁሉም ሬኮመንዴሽን ያስፈልጋል፣ መምህራችሁን ዴድላይኑ ነገ ሆኖ ማታ በቴሌግራም አትጠይቁ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሲቀር ጻፉለት፣ ሲቪያችሁን፣ የቴሲሱን ሁለት ገጽ፣ የፕሮግራሙን ሊንክ፣ የማብቂያውን ቀን፣ የትኛውን ኮርስ ከሱ ጋ መቼ እንደወሰዳችሁና ምን ውጤት እንዳመጣችሁ አያይዙ። ሳምንት ሲቀረው አንዴ አስታውሱት፣ ውጤቱ ሲመጣም ተሳካም አልተሳካም ንገሩት።