ቱቦ ሲያስቆርጡና ሲያስጎብጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገላን ያለው ወርክሾፓችን በር ላይ የተበላሸ ቱቦ የሞላበት በርሜል አለ። የሚያየው ሰው ሁሉ መቁረጫውን ወይም ልጆቹን ይወቅሳል። እኔ ግን ቁራጮቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ የተበላሹት ዲስክ ሳይነካቸው በፊት፣ በስልክ ነው።

በኢንች ብቻ ማዘዝ

«ወንድሜ፣ የአንድ ኢንች ቱቦ፣ ሠላሳ ሠላሳ ሳንቲም፣ ሃያ ቁራጭ። ነገ እመጣለሁ።» ስልኩ ተዘጋ። የቱ አንድ ኢንች? የውኃ ቧንቧ ከሆነ «አንድ ኢንች» ስም ብቻ ነው፤ በካሊፐር ሲለካ ውጪው 33 ሚሊ ተኩል ገደማ ይመጣል። ለወንበር፣ ለአልጋ፣ ለማሽን የሚሆነው ቱቦ ግን የሚጠራው በውጪ ልኩ ስለሆነ አንድ ኢንቹ 25.4 ሚሊ ነው። ግማሽ ኢንች ላይ ልዩነቱ ይብሳል፦ ቧንቧው 21.3፣ ቱቦው 12.7። ስለዚህ ሲደውሉ የውጪውን ልክ፣ የብረቱን ውፍረትና ርዝመቱን ይንገሩን፤ ሦስቱንም በሚሊ።

ዲስኩ የሚበላውን መርሳት

ያው ደንበኛ በልቡ አስልቷል፦ አንድ ቤርጋ 6 ሜትር፣ ሃያ ጊዜ 30 ሳንቲም 6 ሜትር፣ ስለዚህ አንድ ቤርጋ ይበቃል። አይበቃም። የመቁረጫው ዲስክ በእያንዳንዱ ቁርጥ 3 ሚሊ ያህል ወደ ብናኝ ይቀይራል። ለሃያ ቁራጭ 19 ጊዜ ይቆረጣል፣ 57 ሚሊ ጠፋ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ቁራጭ 24 ሳንቲም ከ3 ሚሊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ያውም የቤርጋው ጫፍ ሲጫንና ሲወርድ ካልተጨፈለቀ ነው።

የውስጡን ልክ በመቀነስ ብቻ ማመን

በጣም የሚያናድደኝ ይኼ ነው። አንድ አዛውንት ደንበኛችን ለትንንሽ ሮለሮች ባለ 25 ሚሊ፣ ውፍረቱ 1.5 የሆነ ቱቦ አዘዙ። ሁለቱም ጫፍ ላይ 608 የሚባለው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ሊገባበት ነው። የኩሽኔታው ውጪ 22 ሚሊ ነው፤ ከ25 ላይ 3 ሲቀነስም 22። በወረቀት ላይ ልክክ ይላል። በማግስቱ መዶሻ ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ እባክዎ አይምቱት» ብልም አንዱ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ በጣቴ ባዞረው እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙረን ውስጡን አሳየኋቸው፦ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጠባሳ የሄደ መስመር። አብዛኛው ቱቦ ከላሜራ ተጠቅልሎ የተበየደ ነው፤ የብየዳው ስፌት ውስጡ ላይ ጉብ ይላል፤ ኩሽኔታውን በአንድ ጎኑ አንቆ የያዘው እሱ ነው። ስፌቱ ባይኖር እንኳ ውፍረቱ በመቶኛ ሚሊዎች ከፍ ዝቅ ስለሚል አንዱ ሲጠብ ሌላው ይላላል።

መፍትሔው ቱቦውን ቶርኖ (እያሽከረከረ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ላይ አስሮ ጫፉን ኩሽኔታው በሚገባበት ጥልቀት ልክ ከውስጥ መቅረጽ ነው። ወይም ስፌት የሌለውን ቱቦ መግዛት፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ከሁሉ በፊት የሚገባበትን ዕቃ ይዘው ይምጡ፤ «በእጅ ይንሸራተት» ወይስ «ጠብቆ ይቀመጥ» የሚለውንም ይንገሩን። ለኛ እነዚህ ሁለት ቃላት ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣሉ።

ትኩሱን መለካት

ከዲስክ እንደወጣ ካሊፐር አያስጠጉበት። 50 ሚሊ ስቴንለስ በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 0.08 ሚሊ ያህል ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ ያስጠበቁት ነገርም ይላላል። ጫፉ ላይ የቀረውን ጥርስም በሞረድ ሳያነሡ አይለኩ።

ኩርባውን እስከ ጥጉ ቆጥሮ ማስቆረጥ

30 በ30 ሆኖ በ90 ዲግሪ የሚታጠፍ ቱቦ 60 ሳንቲም ይፈጃል ተብሎ ይመጣል። ቱቦ ግን ጥግ የለውም፤ ይዞራል። በመሀል መስመሩ ሬዲየሱ 60 ሚሊ ከሆነ ኩርባው የሚወስደው 94 ሚሊ ነው፣ ጥጉ ድረስ ቢቆጠር ኖሮ 120 ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገው 574 ሚሊ ነው። ያች 26 ሚሊ በአንድ ወንበር አትታይም፤ በመቶ ወንበር ሁለት ሜትር ተኩል አልፋለች።

ጠባብ ኩርባ በስስ ቱቦ መጠየቅም አለ። የውጪው ጎን ይሳሳል፣ የውስጡ ይሸበሸባል፣ መሀሉ ይተኛል። ሬዲየሱ ከቱቦው ውጪ ልክ ሦስት እጥፍ እንዳያንስ እንለምናለን። ካነሰ አሸዋ ሞልተን ሁለቱን አፍ እንደፍናለን። አሸዋው ግን በምጣድ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነና ቱቦው በእሳት ከተመታ እንፋሎቱ ድፍኑን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። ስፌቱን ወደ ጎን አዙሮ ማሰርም አይረሳ፤ ከላይ ወይም ከታች ከዋለ መሰንጠቅ የሚጀምረው እዚያው ነው። ብረት ሲለቁት ትንሽ ስለሚመለስም 90 ለማግኘት ሁለት ሦስት ዲግሪ እናሳልፋለን። ስንት እንደሆነ የሚነግረን ራሱ ቱቦው ነው፤ አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር እንደገና እንሞክራለን።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ አምጥቶ «በይድልኝ» ማለት

የዚንኩ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያተኩሳል። ወተት ያወጣዋል የሚባለውን አልቀበልም፤ እኛ ግን እንጠጣዋለን። ዚንክ ያልተለበጠውን ጥቁሩን ያምጡና መጨረሻ ላይ ቀለም ይቀባ።

አንዱን ሳይሞክሩ ሁሉን ማስቆረጥ

አንድ እንቁረጥ፣ ይውሰዱት፣ ይግጠሙት፣ ይደውሉ። አዛውንቱ አሁን እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ የመጀመሪያውን ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልለው ይሄዳሉ፣ ማታ ደውለው «ገባ» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም።