የልጅዎ ደረት ጎድጉዶ ወይም ወጥቶ ከታየ፦ ሕክምናውን ከየት መጀመር እንደሚገባ

ልጄ 5 ዓመት እንደሞላው፣ አንድ ቅዳሜ በሳፋ ገላውን ሳጥበው፣ ጋደም ባለበት ያፈሰስሁበት ውሃ በደረቱ መካከል ተቋጥሮ ቀረ፤ አንድ የቡና ሲኒ ይሞላ ነበር። አያቱ «ሲያድግ ይሞላለታል» አሉ፤ ጎረቤታችን ደግሞ እጀ ጥሩ ወጌሻ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። እኔ የአያቱን ቃል ይዤ ተቀመጥሁ። በ12 ዓመቱ ቁመቱ በአንድ ክረምት ሲመዘዝ ጉድጓዱም አብሮ ጠለቀ፤ ልጁም ትከሻውን ወደ ፊት አጥፎ መሄድ ጀመረ፤ ሰው ባለበት ልብሱን ማውለቅም ተወ። ሐኪሙ «መቼ ነው የታየው? በምን ያህል ፍጥነት ጠለቀ?» ብለው ሲጠይቁኝ የማሳያቸው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ሌላ ወላጅ እነዚያን ሰባት ዓመታት እንደ እኔ እንዳያባክን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር፣ ጉድጓዱ ሁልጊዜ የሚታይ መሆኑ ወይም ልጁ አየር ሲስብ ብቻ የሚመጣ መሆኑ ነው። ያሳለው ወይም ትኩሳት የያዘው ሕፃን አየር ወደ ውስጥ በሳበ ቁጥር የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ነገሩ የአጥንት ቅርጽ ሳይሆን የከባድ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሕፃኑ በማያለቅስበት ጊዜ ሙሉ አንድ ደቂቃ አተነፋፈሱን መቁጠርም ይረዳል፤ ዕድሜው ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ይባላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ልጁ ጤነኛ ሆኖ ሲጫወትም፣ ሲተኛም ቅርጹ ለማይለወጥ ደረት ነው።

በአገራችን የሕፃን ደረት ቅርጽ ሲለወጥ ቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ሪኬትስ ነው። ቫይታሚን ዲ ወይም ካልሲየም ሲያንስ በማደግ ላይ ያለው አጥንት ስለማይጠነክር፣ ፍርንባው እንደ እርግብ ደረት ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል፤ ከደረቱ በታች ቀበቶ ታስሮበት የተፈታ የሚመስል አግድም ስርጉድ ይታያል፤ የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ በጣት ሲዳሰስ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደረ እብጠት ይገኝበታል። ከዚህ ጋር የእጁ አንጓ ይወፍራል፣ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቆያል፣ ጥርሱ ይዘገያል፣ መራመድ ሲጀምር እግሩ ይወለገዳል። ፀሐይ በሞላበት አገር ልጆቻችን በፀሐይ እጦት አጥንታቸው ሲለሰልስ ማየት ያንገበግባል። ምች ይመታዋል፣ ብርድ ይገባዋል፣ የሰው ዓይን ያገኘዋል እያልን ሸፋፍነን ቤት ውስጥ እናቆየዋለን፤ አንዳንዶቻችንም በኮንዶሚኒየሙ መስኮት አጠገብ አስተኝተነው ፀሐይ ያሞቅን ይመስለናል። በመስታወት ውስጥ ያለፈ ፀሐይ ግን ይሞቃል እንጂ ቫይታሚን ዲ አያሠራም፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋልና።

ሪኬትስን ለማረጋገጥ ሐኪሙ የእጅ አንጓና የጉልበት ኤክስሬይ፣ እንዲሁም የካልሲየም፣ የፎስፈረስና የአልካላይን ፎስፋቴዝ የደም ምርመራ ያዛሉ። ሕክምናው በሐኪም መጠን የሚሰጥ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ሲሆን፣ በጊዜ የተጀመረለት ትንሽ ልጅ አጥንቱ ከዕድገቱ ጋር በአብዛኛው እየተስተካከለ ይሄዳል። መድኃኒቱን በግምት ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት ግን አይገባም፤ ቫይታሚን ዲ ከልክ ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። እግሩ እጅግ ተጣሞ የቀረ ልጅ ካለ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የሕፃናትን የአጥንት መጣመም በማከም የታወቀ ነው።

ሪኬትስ ካልሆነ የቀሩት በአብዛኛው ከአፈጣጠር የሚመጡ ናቸው። የጎድን አጥንትን ከፍርንባ ጋር የሚያያይዘው ልም አጥንት አለቅጥ ወይም ባልተስተካከለ መንገድ ሲያድግ፣ ፍርንባውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል ወይም ወደ ውጭ ያወጣዋል። ወደ ውስጥ የጎደጎደው ይበልጥ የተለመደ ሲሆን፣ ከ300 እስከ 400 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል፤ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል። ወደ ውጭ የወጣው ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚታየው በጉርምስና ጅማሬ ነው። በአንድ ወገን የደረት ጡንቻ ሳይኖር የሚወለድ ልጅም አለ፤ በዚያው ወገን ያሉት ጣቶቹ አጥረው ወይም ተጣብቀው እንደሆነ ይመልከቱና ለሐኪሙ ይንገሩ። እናት በእርግዝና ጊዜ የሠራችው ወይም የበላችው ነገር ያመጣው አይደለም። ይህን አስረግጬ የምናገረው፣ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ጭነው ልጁን ከሰው የሚደብቁ እናቶች ስላየሁ ነው።

የልጁን ጀርባም ሳያዩ አይለፉ። ጎንበስ ሲል አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ፣ የደረቱ መጣመም ምንጭ የአከርካሪው መጣመም ሊሆን ይችላል፤ ጀርባው በአንድ ቦታ ሹል ሆኖ ከጎበጠም የአከርካሪ ቲቢ መመርመር አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆችን ሲያዩና ብዙዎቹን ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና ሲልኩ መቆየታቸው ይታወቃል።

አሁን መዝገብ ይጀምሩ። ልጁን ሸሚዙን አስወልቀው ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ወደ ታች፣ በየስድስት ወሩ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ፊቱ እንዳይገባ ያድርጉ፤ ፎቶውንም ከሐኪም በቀር ለማንም አያሳዩ። ልጁን በጀርባው አስተኝተው ማስመሪያ በደረቱ ላይ አግድም ያጋድሙና፣ በሁለተኛ ማስመሪያ ከእሱ እስከ ጉድጓዱ ወለል ያለውን ርቀት ለክተው ከቁመቱና ከክብደቱ ጋር በደብተር ይጻፉ። ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር ወደ 2 ያለፈን ጉድጓድ ከቃልዎ ይልቅ ደብተሩ ያስረዳልዎታል። ሲሮጥ ይደክመው እንደሆነ፣ ደረቱን ይወጋው እንደሆነ፣ ልቡ ይመታበት እንደሆነ፣ በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ደረት ወይም በድንገት በልብ ሕመም የሞተ ሰው ይኖር እንደሆነም ይጻፉ። ደረቱን በነጠላ ጠፍሮ ማሰር፣ ማሸትና ለወጌሻ ማስጫን ግን ቆዳውን ያቆስላል፤ ትንፋሹንም ያውካል እንጂ አጥንቱን አያስተካክልም።

በኢትዮጵያ መንገዱ ከጤና ጣቢያ ወይም ከአቅራቢያዎ ሆስፒታል ይጀምራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪው ላይሸፈንልዎት ስለሚችል፣ በየደረጃው ሪፈር ማጻፍዎን አይርሱ፤ የወረቀቱንም ኮፒ ያስቀሩ። የሕፃናት ስፔሻሊስት ካየው በኋላ፣ ቀዶ ሕክምና የሚታሰብ ከሆነ፣ የሚፈለጉት የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ወይም የልብና የደረት ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሁለቱም ክፍሎች ካሉባቸው አንዱ ነው። እዚያ ሲደርሱ ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ እንደሠሩ፣ ፍርንባውን ለማንሣት ደረት ውስጥ የሚገባው ብረት በአገር ውስጥ መኖሩን፣ ካልተሠራስ ምን እንደሚከተል ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

ለጎደጎደ ደረት ከሚታዘዙት ምርመራዎች ዋናው ሲቲ ስካን ነው። በምስሉ ላይ የደረቱ የውስጥ ስፋት ከፍርንባው እስከ አከርካሪው ላለው ርቀት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር የሃለር መለኪያ ይባላል። ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቁጥሩ 4 ይሆናል ማለት ነው፤ ጤነኛ ደረት ወደ 2.5 ገደማ ሲሆን፣ ከ3.25 በላይ ያለው ከባድ ተብሎ ለቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በተጨማሪ ኢኮ የተባለው የልብ አልትራሳውንድ ልቡ መጫኑንና የቫልቩን ሁኔታ ያሳያል፤ የትንፋሽ ምርመራው ደግሞ የሳንባውን አቅም ይለካል። ልጁ ቀጭንና ረጅም፣ ጣቶቹም እጅግ የረዘሙ ከሆኑ ማርፋን የተባለው ሕመም እንዲጣራለት ይጠይቁ፤ ያ ሕመም ዋናውን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ከደረቱ ቅርጽ ይልቅ እሱ ይቀድማል።

ቀላል የሆነው ደረት ክትትልና ጀርባን የሚያቀና የሰውነት እንቅስቃሴ ይበቃዋል። ወደ ውጭ ለወጣው፣ አጥንቱ ገና እሺ የሚል ከሆነ፣ በልኩ የተሠራና በየጊዜው የሚስተካከል ብሬስ፣ ማለትም የወጣውን ፍርንባ ከውጭ የሚጫን ድጋፍ፣ ለወራት በየቀኑ ይደረግለታል፤ ልጁ ካልተስማማበት ግን ብሬሱ አልጋ ሥር ነው የሚቀረው። ለጎደጎደው ደግሞ ቫኩም ቤል የተባለ፣ ደረት ላይ ተለጥፎ አየር በመምጠጥ ፍርንባውን የሚስብ መሣሪያ አለ፤ የሚጠቅመው ለለስላሳና ብዙ ላልጠለቀ ደረት ነው። ከባዱን የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና ነው። ቀደም ሲል ልም አጥንቶቹን ቆርጦ ማውጣት ግድ ነበር፤ ዶክተር ዶናልድ ነስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 በቨርጂኒያዋ ኖርፎክ ከተማ የጀመሩትና በ1998 ይፋ ያደረጉት ዘዴ ግን በሁለቱ ብብቶች በኩል የታጠፈ ብረት ከፍርንባው ሥር አሳልፎ ደረቱን ወደ ላይ ያነሣል። ብረቱ ከ2 እስከ 4 ዓመት ቆይቶ ይወጣል። ብዙ ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ የሚሠራ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ብርቱ ስለሆነ የማስታገሻው ዕቅድ ምን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ብረቱ ኒኬል ያለበት ሊሆን ስለሚችል፣ የጆሮ ጌጥ ወይም የቀበቶ ዘለበት ቆዳውን የሚያሳክከው ልጅ ካለ አለርጂው ተመርምሮ የቲታኒየም ብረት ይመረጥለታል።

በአገር ውስጥ የማይሠራለት ሆኖ ሐኪሞቹ ውጭ አገር ይታከም ካሉ፣ የሆስፒታሉን የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ያጽፉ፤ ሲቲ ስካኑንም በወረቀት ብቻ ሳይሆን በሲዲ ይቀበሉ። በአሜሪካ ለምትኖሩ ወላጆች፣ መድን ድርጅቱ ቀዶ ሕክምናውን ለመልክ ነው ብሎ እንዳይመልሰው የሃለር ቁጥሩ፣ የልብና የትንፋሽ ውጤቱ፣ የልጁም የድካም ታሪክ አብረው እንዲላኩ ጠይቁ። ሆስፒታሉ በነፃ የአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ ስላለበት ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ራሱ ገላ የሚባለውን ከባድ ቃል እሱ እየተረጎመ ሊነግራችሁ አይገባም።

ልጁንም ብቻውን እንዲያናግሩት ሐኪሙን ይለምኑ። የእኔ ልጅ እኔ ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ፣ ኳስ ሲጫወቱ ከሁሉ ቀድሞ የሚደክመው እሱ እንደሆነና ግብ ጠባቂነት የሚመርጠው ለዚያ እንደሆነ ተናገረ። እኔ ግብ ጠባቂነት የሚወድ ይመስለኝ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገለት ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ያጽፉለት፤ ለሳምንታት ከባድ ቦርሳ አይሸከምም፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድም ከሚያጋጩ ጨዋታዎች ይቆጠባል። ደረቱ ውስጥ ብረት እንዳለ፣ የገባበት ቀን፣ የብረቱ ዓይነትና የሐኪሙ ስልክ የተጻፈበት ካርድ ምንጊዜም ከእሱ አይለይ፤ ኤምአርአይ ወይም የልብ ድንገተኛ ዕርዳታ ቢያስፈልገው ባለሙያው ይህን ማወቅ አለበት። የልጄ ካርድ ከትምህርት ቤት መታወቂያው ጀርባ ተለጥፏል፤ ብረቱ የሚወጣበትንም ወር በእስክሪብቶ ያከበበው እሱ ራሱ ነው።