ዲጂታል ሬዲዮ መቼ ይገዛ? አውሮፓ ውስጥ ዳብ፣ ዳብ ፕላስና የኤፍ ኤም መዘጋት

ዲጂታል ሬዲዮ የሚገዛበትን ጊዜ የሚወስነው የምታዳምጡት ጣቢያ ከኤፍ ኤም የሚወጣበት ቀን ነው። አዲስ ሞዴል ወጣ፣ ሱቁ ቅናሽ አደረገ፣ «ኤፍ ኤም ሊዘጋ ነው» ተባለ፤ እነዚህ ለመግዛት በቂ ምክንያት አይሆኑም። ብሪታንያ በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ዕቅድ በ2015 ወደ ዲጂታል እሻገራለሁ ብላ ነበር። 2015 መጥቶ አለፈ፣ ኤፍ ኤሙ ግን አልተዘጋም። ወሬውን ሰምተው ከተጣደፉት መካከል ኋላ የመጣውን ስታንዳርድ የማያነብ ሬዲዮ ይዘው የቀሩ አሉ።

መጀመሪያ፦ የምታዳምጡትን ጻፉ

በሳምንት ውስጥ በእርግጥ የምትከፍቷቸውን ጣቢያዎች ወረቀት ላይ አስፍሩ። ለአብዛኛው ሰው ከአራት አይዘሉም። ከየስማቸው አጠገብ በምን እንደሚሰሙ ሙሉ፦ በኤፍ ኤም፣ በዳብ (ከምድር ማሰራጫ በአየር የሚመጣው ዲጂታል ሬዲዮ)፣ በዳብ ፕላስ (የዳብ አዲሱና የተሻሻለው ዓይነት) ወይስ በኢንተርኔት ብቻ? መልሱ በየጣቢያው ድረ ገጽ ላይ አለ። ከዚያ የአገራችሁን የዲጂታል ሬዲዮ ሽፋን ካርታ ከፍታችሁ የፖስታ ኮዳችሁን አስገቡ። ካርታው መኪና ውስጥ የሚያዘውንና ቤት ውስጥ የሚያዘውን ለይቶ ካሳየ፣ የቤት ውስጡን ተመልከቱ። ግድግዳ ምልክቱን ብዙ ስለሚበላው ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ጣቢያዎቻችሁ በሙሉ በኤፍ ኤም ካሉና የመዝጊያ ቀን ካልተቆረጠላቸው ገንዘባችሁን ያዙ። አንዱ እንኳ በዲጂታል ብቻ የሚሰማ ከሆነና እሱን ማጣት ካልፈለጋችሁ፣ ዛሬም ብትገዙ አትከስሩም። ሐሳባችሁ የአዲስ አበባን ጣቢያዎች ለንደን ወይም ኦስሎ ተቀምጦ መስማት ከሆነ ግን ዳብ አያመጣቸውም። የዳብ ማሰራጫ የሚደርሰው በዙሪያው ላለው አካባቢ ስለሆነ የእነሱ መንገድ ኢንተርኔት ነው።

ቀጥሎ፦ የተቆረጠ ቀንና ዕቅድ አይምታቱባችሁ

ኖርዌይ የቆረጠችውን አደረገች። በጃንዋሪ 2017 ከኖርላንድ ጀምራ እስከዚያው ዓመት ዲሴምበር አገር አቀፍ ጣቢያዎችን ከኤፍ ኤም አወረደች። በስዊዘርላንድ የሕዝብ ማሰራጫው ኤስ አር ጂ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ኤፍ ኤሙን ዘጋ። በሁለቱም አገሮች ሁሉም ጣቢያ በአንድ ቀን አልወጣም፦ ኖርዌይ ውስጥ የአካባቢ ጣቢያዎች ኤፍ ኤም ላይ ቀሩ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥም የግሎቹ ከኤስ አር ጂ ጋር አብረው አልወረዱም። የጣቢያ ዝርዝሩን አስቀድማችሁ የምትጽፉት ለዚህ ነው፤ «አገሩ ዘጋ» የሚለው ዜና የእናንተን ጣቢያ ላይመለከት ይችላል።

ወደ ኋላ የተመለሱም አሉ። ስዊድን በ2015 ዕቅዷን ተወችው። አየርላንድ ውስጥ የሕዝብ ማሰራጫው አር ቲ ኢ በማርች 2021 የዘጋው ዳቡን እንጂ ኤፍ ኤሙን አይደለም። ብሪታንያ ደግሞ ኤፍ ኤም ቢያንስ እስከ 2030 እንዲቆይ የሚለውን ሐሳብ ተቀብላለች። በእነዚህ አገሮች የሚያጣድፍ ነገር የለም፤ አሮጌው ሬዲዮ ሲሰበር የሚተካው ዳብ ፕላስና ኤፍ ኤም ሁለቱንም የሚይዝ ቢሆን ይበቃል።

ቀኑ በይፋ ከተቆረጠ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብላችሁ ግዙ። ኤፍ ኤሙ ገና እየሰራ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተያየት ትችላላችሁ፤ ምድር ቤት ወይም ወፍራም ኮንክሪት ውስጥ አልይዝ ካለም በመመለሻው ጊዜ ውስጥ ደረሰኙን ይዛችሁ ትመልሳላችሁ። በመጨረሻው ሳምንት የሚገዛ ሰው የተረፈውን ሞዴል ይወስዳል፣ ለመኪና ገጠማም ወረፋ ይጠብቃል።

ካርቶኑ ላይ ምን ይነበባል?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ዳብ በ1995 መደበኛ ስርጭት ሲጀምር ድምፁን የሚጨምቀው ኤም ፒ 2 በሚባል ዘዴ ነበር። ዘዴው ቦታ ይፈጃል። ጣቢያዎቹ የሚጫኑበት አንድ ጥቅል፣ ማልቲፕሌክስ የሚባለው፣ 1.5 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት አለው፤ በተለመደው የስህተት መከላከያ የሚሸከመውም በሰከንድ 1,152 ኪሎቢት ገደማ ነው። ለአንድ ጣቢያ 128 ኪሎቢት ከተሰጠ 9 ጣቢያ ይይዛል። ማሰራጫዎቹ ተጨማሪ ጣቢያ ለማስገባት ሲሉ ድርሻውን እየቀነሱ አንዳንዱን ሙዚቃ ወደ ሞኖ እስከ ማውረድ ደረሱ። በ2007 የወጣው ዳብ ፕላስ ኤች ኢ ኤ ኤ ሲ የተባለ የተሻለ መጭመቂያ ይዞ መጣ። በ64 ኪሎቢት ደህና ስቴሪዮ ስለሚሰጥ በዚያው ጥቅል 18 ጣቢያ ይገባል፣ የስህተት ማረሚያውም ጠንካራ ነው። ለጣቢያው ወጪ ስለሚቀንስለት ወደ ኋላ የሚመለስበት ምክንያት የለም። ዴንማርክ በኦክቶበር 2017 ጠቅልላ ወደ ዳብ ፕላስ ስትዞር አሮጌዎቹ የዳብ ሬዲዮዎች በአንድ ቀን ዝም አሉ።

የዳብ ፕላስ ሬዲዮ አሮጌውን ዳብ ያነባል፤ አሮጌው ግን አዲሱን አያነብም። ምልክቱ የጣቢያው ስም ጭራሽ አለመምጣት፣ ወይም ስሙ መጥቶ ድምፅ አለመኖር ነው። በሽግግሩ ዓመታት የተሰሩ አንዳንድ ሞዴሎች በዩ ኤስ ቢ ሶፍትዌር ሲጫንላቸው ያነባሉ። ከ2007 በፊት የተሰራ ሲያጋጥማችሁ ግን ተስፋ አታድርጉ።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ከዳብ ቀጥሎ የመደመር ምልክት (+) መኖሩን እዩ። «ዲጂታል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ቁጥር የሚያሳይ መስኮት ያለው ተራ የኤፍ ኤም ሬዲዮም «ዲጂታል» እየተባለ ይሸጣል። ብሪታንያ ውስጥ ዳብ ፕላስን ለሚያነቡ ሬዲዮዎች የሚሰጥ የራይት ምልክት አለ፣ እሱን ፈልጉ። የሞገዱ ክልል ከ174 እስከ 240 ሜጋኸርዝ መሆኑንም አረጋግጡ። ሻጭ «ኤል ባንድም (ሌላ ከፍ ያለ የሞገድ ክልል) ይዟል» ብሎ ዋጋ ቢጨምር አትክፈሉ፤ ለዛሬው የአውሮፓ ሬዲዮ አያስፈልጋችሁም።

ያገለገለ ከሆነ

ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ ሙሉ ፍለጋ አስደርጉት። ከዚያ በዳብ ፕላስ እንደሚያሰራጭ የምታውቁትን ጣቢያ መርጣችሁ ድምፁን ስሙ። ብሪታንያ ውስጥ በቢቢሲ አገር አቀፍ ጣቢያ መፈተን ያሳስታል፦ ቢቢሲ እነዚህን የሚያሰራጨው በቀድሞው ዳብ ስለሆነ የማይረባውም ሬዲዮ ጥርት አድርጎ ያሰማችኋል። የአንቴናውን መገጣጠሚያ ነቅነቅ አድርጉት፤ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ውስጡ ለቋል። የኤሌክትሪክ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን፣ ካልሆነም ቮልቴጁና የፕላስ ማይነሱ አቀማመጥ ከሬዲዮው ጀርባ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን እዩ። የቀድሞዎቹ የዳብ ሬዲዮዎች ባትሪ ድንጋይ ይፈጃሉ፤ በድንጋይ ለመጠቀም ካሰባችሁ አዲስ ሞዴል ይሻላል።

ቤት ውስጥ ሲተከል

አንቴናውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ የዳብ ሞገድ የሚላከው ቁመቱን ቆሞ ነው። ርዝመቱም ይቆጠራል። ለኤፍ ኤም 75 ሴንቲሜትር ያህል መምዘዝ ጥሩ ሲሆን ለዳብ ግን በ225 ሜጋኸርዝ አካባቢ 33 ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚስማማው። እስከ ጫፍ ተመዞ እንቢ ያለ ሬዲዮ አንቴናው ሲያጥር የሚይዝበት ጊዜ አለ።

ዲጂታል ሲደክም እንደ ኤፍ ኤም «ሽሽሽ» አይልም። ጥርት ብሎ ሲሰማ ቆይቶ መንቧቧት ይጀምርና ጭጭ ይላል፣ መካከለኛ የለውም። መንቧቧት ከሰማችሁ ሬዲዮውን ወደ መስኮት አስጠጉ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አድርጉት። ካልተሻለ አጠገቡ ያሉትን አንድ በአንድ ንቀሉ፦ ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የዋይፋይ ሳጥን። አንዱ ሲነቀል ድምፁ ከጠራ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከማቀዝቀዣ ላይና ከሌላ ትልቅ ብረት አጠገብም አርቁት።

ጣቢያ ጠፋ ስትሉ ሬዲዮውን ከመውቀሳችሁ በፊት ሙሉ ፍለጋውን ድገሙ። ጣቢያዎች ከጥቅል ጥቅል ይዛወራሉ፣ ሬዲዮው ግን በአሮጌው ዝርዝር ይቆያል። ድምፁ ከኤፍ ኤም ጥቂት ሰከንድ መዘግየቱ ብልሽት አይደለም፤ መጭመቁና መፍታቱ ጊዜ ይወስዳል። በየሰዓቱ በሚሰማው የሰዓት ምልክት ሰዓታችሁን አትሙሉበት እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

መኪና

ከዲሴምበር 21 ቀን 2020 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት ለገበያ የሚቀርብ አዲስ መኪና ሬዲዮ ከተገጠመለት ዲጂታል መቀበል ግዴታው ነው። ከዚያ በፊት የተሰራ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው፦ ሬዲዮውን መቀየር ወይም ዳብ አዳፕተር መጨመር። አዳፕተሩ ከሲጋራ መለኮሻው ኃይል ይወስዳል፣ የያዘውን ድምፅም ባዶ በሆነ የኤፍ ኤም ቁጥር ለመኪናው ሬዲዮ ይልካል። ትልቅ ከተማ ውስጥ ባዶ ቁጥር ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ መኪናችሁ የኦዲዮ ማስገቢያ ቀዳዳ ካለው በሽቦ አገናኙት።

የአዳፕተር ብሶት አብዛኛውን ጊዜ ከአንቴናው ይመጣል። በፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቀጭን አንቴና መሬት (ግራውንድ) የሚሆነው የመዳብ ቁራጭ አለው፤ ቁራጩ ከመስታወቱ ጎን ባለው የመኪናው ብረት ላይ ካልተጣበቀ አንቴናው ግማሽ ሥራ ብቻ ይሰራል። የብረት ሽፋን ወይም የማሞቂያ ሽቦ ያለበት መስታወት ምልክቱን ያግዳል፤ የእናንተ እንዲያ ከሆነ ጣሪያ ላይ የሚተከል አንቴና ምረጡ።

የኢንተርኔት ሬዲዮና የአንድ ድርጅት አደጋ

በዋይፋይ የሚሰራ ሬዲዮ የአገር ቤት ጣቢያዎችን ለማግኘት የሚመረጥ ነው፤ ነገር ግን የጣቢያ ዝርዝሩን የሚያወርደው ከአንድ ድርጅት ኮምፒውተር ነው። ሬሲቫ የተባለው አገልግሎት በ2021 ሲዘጋ በእሱ የሚሰሩ ሬዲዮዎች ሳይበላሹ ዝርዝራቸውን አጡ። ከመግዛታችሁ በፊት አድራሻ በእጅ ማስገባት መቻሉን ጠይቁ፤ ብሉቱዝ ካለውም ስልካችሁ መጠባበቂያ ይሆናል።

ከዚያ የባሰውን ያሳየው ወርልድስፔስ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ኖህ ሳማራ የመሰረተው ይህ ድርጅት በ1998 አፍሪስታር የተባለ ሳተላይት አመጠቀ፣ ቀጥሎም ለአፍሪካ ዲጂታል ሬዲዮ ማሰራጨት ጀመረ። መቀበያዎቹን እንደ ሂታቺና ፓናሶኒክ ያሉ ታላላቅ ፋብሪካዎች ነበሩ የሚሰሩለት። በ2008 ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ አገልግሎቱ ሲቆም ሌላ አስተላላፊ ስላልነበረ መቀበያዎቹ ዕቃ ብቻ ሆኑ። ዳብ ፕላስን ብዙ አገር፣ ብዙ ጣቢያና ብዙ አምራች ስለሚጋራው አንዱ ቢወጣ ሬዲዮው ሥራ አይፈታም።

አሜሪካና አገር ቤት

ወደ አሜሪካ የምትዛወሩ ከሆነ የአውሮፓውን ዳብ አትሸከሙ። በ2002 የተፈቀደው ኤች ዲ ሬዲዮ ሌላ ስታንዳርድ ነው፤ በዚያው በኤፍ ኤሙና በኤ ኤሙ ቁጥር ላይ ተደርቦ ስለሚሄድ ዲጂታሉ ሲጠፋ ሬዲዮው ራሱ ወደ ተራው ይመለሳል። እዚያ የሚያጣድፍ የመዝጊያ ቀን የለም።

ለእናት ለአባት ኢትዮጵያ የሚላክ ከሆነ ለዳቡ ተጨማሪ አትክፈሉ፤ እንደ ሸገር 102.1 እና ፋና 98.1 ያሉትን የሚይዘው የኤፍ ኤሙ ክፍል ነው። አብዛኛው የዳብ ሬዲዮ አጭር ሞገድ እንደሌለው ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውልም። አባታችሁ የውጭ ጣቢያ በአጭር ሞገድ የሚከታተሉ ከሆነ ካርቶኑ ላይ አጭር ሞገድ መጻፉን አይታችሁ፣ በባትሪ ድንጋይም የሚሰራውን ምረጡ። ከብሪታንያ የሚላከው መሰኪያ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ለአገር ቤቱ ክብ ቀዳዳ ሶኬት የሚሆን ማቀያየሪያ አብራችሁ ጨምሩ።