ሞገዱ ሳይደክም ዋይፋዩ ሲንቀራፈፍ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው የሞገዱን ድካም ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ሞገዱን የሚረብሸው ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከብረት ነጥሮ ዘግይቶ የሚደርሰው የራሱ ገደል ማሚቶ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ጉልበት መጨመር ነው። የማሰራጫውን ኃይል ከፍ ሲያደርጉ በቀጥታ የሚመጣውም ነጥሮ የሚመጣውም ሞገድ እኩል ይበረታሉ፤ ጠባቸው ግን አይበርድም። ገደል ስር የቆመ ሰው ቢጮህ ማሚቶውም አብሮት ይጮሃል። ኃይል መጨመር የሚያዋጣው እንቅፋቱ ርቀት ሲሆን ነው።

ቦታ ለመቀየር ሲነሱ ደግሞ ራውተሩን ከክፍል ክፍል ማዞር አይቅደም። በ2.4 ጊጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሁለቱ ሞገዶች መንገድ በግማሹ፣ ማለትም በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከተበላለጠ፣ የአንዱ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ላይ ያርፍና ይጣፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጋት ፈቀቅ አድርገው ይሞክሩት። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ይሠራል። መስታወትና የብረት መደርደሪያ አጠገብ ግን ባያስቀምጡት ይሻላል፤ መስታወትም ቢሆን ከጀርባው የተቀባው ብረት ነው።

በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን የሲግናል መስመሮች ማመንም ያሳስታል። መስመሮቹ የጥንካሬን አማካይ እንጂ ጥራትን አያሳዩም። ነጸብራቁ ከቻናሉ ውስጥ ጥቂት ድግግሞሾችን (ፍሪኩዌንሲዎችን) ብቻ ሊያጠፋ ይችላል፤ መስመሮቹ ሞልተው መረጃው የሚቆራረጠውም ለዚህ ነው።

በሰፊ መጋዘን ወይም በደጅ ለሚዘረጋ ግንኙነት ሌላ ወጥመድ አለ። ዋይፋይ ማሚቶው እስኪያልፍ መረጃውን በተሸከሙት ምልክቶች መካከል 800 ናኖ ሰከንድ ፋታ ይሰጣል፤ ሞገድ በዚህ ጊዜ 240 ሜትር ይጓዛል። ለፍጥነት ሲባል ፋታው ወደ 400 ከተቀነሰ ግን ከሩቅ ነጥሮ የመጣው ቅጂ በቀጣዩ ምልክት ላይ ይደረባል።

ነጸብራቅን ፈጽሞ ጠላት ማድረግም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጸደቀው የዋይፋይ ደረጃ ወዲህ ብዙ አንቴና ያላቸው መሣሪያዎች በተለያዩት መንገዶች የተለያየ መረጃ በአንድ ጊዜ ይልካሉ። «ትርፍ ነው» ብለው አንዱን አንቴና የሚነቅሉ ሰዎች ይህን አያውቁም።

የመጨረሻው ስህተት ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ለክቶ መደምደም ነው። በር ሲከፈት፣ ሰው ሲያልፍ የነጸብራቁ መንገድ ይቀየራል፤ ቤቱ ሰው ሲሞላ እንደገና ይለኩ።