በጤና ጣቢያ ቀጠሮ ስለማስያዝ

በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሚኖር ሰው ቅርቡ የመንግሥት ሕክምና የወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። በጤና ጣቢያ «ቀጠሮ» የሚባለው በአብዛኛው ቀን እንጂ ሰዓት አይደለም፤ በዚያ ዕለት የተቀጠረው ሁሉ ማለዳ መጥቶ ተራ ይይዛል። ስለሆነም ታካሚው በእጁ ያለው ነገር ቀኑን በትክክል ማስወሰንና ካርዱ በቶሎ እንዲገኝለት ማድረግ ነው።

አዲስ ታካሚ መታወቂያውን ይዞ በመቅረብ ከካርድ ክፍል ካርድ ያወጣል። ካርዱ በሚወጣበት ጊዜ ስሙ ልክ በመታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፉን ማየት ይገባል። «ኃይሉ» ተብሎ መታወቂያ ያወጣ ሰው በካርድ ክፍል «ሀይሉ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ የካርድ ቁጥሩ በጠፋ ዕለት በስም ሲፈለግ ላይገኝ፣ ሌላ ካርድ ሊወጣለትና የቀድሞው የሕክምና ታሪኩ ከመደርደሪያ ሊቀር ይችላል። የካርድ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ማንሳት ከዚህ ጣጣ ያድናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ደግሞ የአባልነት መታወቂያው ለዓመቱ መታደሱን ከቀጠሮው ቀን በፊት ያረጋግጥ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያዘው ከምርመራ ክፍሉ ከመውጣት በፊት ነው። በተለይ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ያለበት ሰው ቀኑን ከመድኃኒቱ ብዛት ጋር እዚያው ማመሳከር አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ለምሳሌ ነሐሴ 10 ቀን 30 ፍሬ መድኃኒት ተቀብሎ ከዚያው ዕለት ጀምሮ በቀን አንድ የሚወስድ ታካሚ «ከወር በኋላ» ተብሎ ለመስከረም 10 ቢቀጠር፣ አምስቱ የጳጉሜን ቀናት በመሀል ስለሚገቡ መድኃኒቱ መስከረም 4 ያልቅና ከመስከረም 5 እስከ 9 ያለ መድኃኒት ይቆያል። ቀኑ መስከረም 1 ወይም 17 ላይ እንዳያርፍም ይታይ፤ በበዓል ቀን የክትትል ክፍሎች ዝግ ናቸው። የስኳር ምርመራ በባዶ ሆድ የሚደረግ ከሆነ ከምርመራው በፊት 8 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም፤ ውኃ መጠጣት ግን አይከለከልም። የጠዋቱ መድኃኒት ከምርመራው በፊት ይወሰድ ወይስ በኋላ የሚለውን ባለሙያውን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ የሚቆጠረው በሕፃኑ ዕድሜ ነው፤ ለምሳሌ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። ቀኑ ቢያልፍ እንኳ የክትባት ካርዱን ይዞ መሄድ እንጂ መቅረት አይገባም።

በግል ክሊኒክ በስልክ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው የሰዓቱን አቆጣጠር በግልጽ ይጠይቅ። እኔ አንድ ጊዜ «8፡30» የሚል መልእክት ደርሶኝ ከቀትር በኋላ ብሄድ፣ ለካ ቀጠሮው በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሮ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል፤ ለታክሲ ያወጣሁትም ገንዘብ በከንቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለትዎ ነው?» ብዬ ሳላረጋግጥ ስልኩን አልዘጋም። ቀኑም ቢሆን በኮምፒዩተር የታተመ ወረቀት ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚጻፍበት ጊዜ ስላለ፣ ወደ እኛው መልሶ በወረቀቱ ጀርባ መጻፍ ይጠቅማል።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ሲጽፍ፣ ማኅተምና ፊርማ መኖሩን አይቶ ወረቀቱን መቀበል ነው። የመድን አባል ያለዚህ ወረቀት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ከከተማ ዳር ተነሥቶ ሁለት ሦስት ታክሲ ከመቀያየር በፊት፣ የተጻፈለት ሆስፒታል የሚፈለገውን አገልግሎት በዚያ ሰሞን መስጠት አለመስጠቱን ሪፈሩን የጻፈው ባለሙያ በስልክ እንዲያጣራ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም።

ምጥ፣ የማያቆም የደም መፍሰስ፣ የመተንፈስ ችግር ወይም ራስን መሳት ካጋጠመ ቀጠሮም ሆነ ወረፋ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ፣ መጓጓዣ ከሌለም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ይገባል። ስልክ ለሚያነሣው ሰው የብሎክ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አምቡላንሱ የሚገባበትን በር ጭምር መንገር፣ አንድ ሰውም በሩ ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በጋራ መኖሪያ ግቢዎች ብሎኮቹ በማታ ተመሳሳይ ናቸውና።